ለጥር ጠዋት ግዛው

ልጄ፣ ያገለገለ ስፖርት መኪና ልትገዛ መሆኑን ሰማሁ። አልከለክልህም። ሠርተህ ባጠራቀምከው ገንዘብ ነው፤ ዕድሜህም የሚፈቅደው አሁን ነው። ግን ሌላ መኪና የለህም። ሥራ የምትሄደው በዚሁ ነው፣ ከሌሊት ፈረቃ የምትመለሰው በዚሁ ነው፣ በረዶም ሲወርድ ሌላ ቁልፍ ኪስህ ውስጥ አይኖርም። እኔ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ጀምሬ እዚህ ቨርጂኒያ ድረስ ከመኪና ሥር ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ጥቂት ልንገርህ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

1. ለግንቦት ከሰዓት ሳይሆን ለጥር ጠዋት ግዛ። ስፖርት መኪና ልብ የሚሰርቀው በግንቦት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ጣራው ተከፍቶ፣ ቀለሙ ታጥቦ ሲያብረቀርቅ። አንተ ግን በጥርም ትነዳዋለህ። የኛ አካባቢ ብርድ እንደ ሚኒሶታ ቁርጡ የታወቀ አይደለም፤ ማታ ይዘንባል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት መንገዱ ግግር በረዶ ሆኖ ይጠብቅሃል። በ2022 ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ፍሬደሪክስበርግ አጠገብ ኢንተርስቴት 95 ተዘግቶ ሰው መኪናው ውስጥ አድሯል፤ ሴናተር ቲም ኬን ራሳቸው 27 ሰዓት መንገድ ላይ ቆይተዋል። በረዶው ከመውረዱ በፊት ዝናብ ስለነበር የጨው ውሃውን አስቀድሞ መርጨት አልተቻለም ነበር። መኪናውን ስታይ ያንን ሌሊት አስብ፤ ማሞቂያው ይሠራል? ጣራው ያፈሳል? ባትሪው ይችላል? ከቻልክ ፍለጋህንም በብርዱ ወራት አድርገው። ገዢ ይቀንሳል፣ ሻጭ ይለዝባል፣ የመኪናውም ጉድ ይታያል። አትቸኩል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

2. ያለህን ገንዘብ ሁሉ ለሻጩ አታስረክብ። ሦስት እጅ አድርገህ አንዱን እጅ አስቀምጥ። የወጣት ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ 15 ሺህ ዶላር ካለው 15 ሺህ ዶላር የሚያወጣ መኪና ይፈልጋል። መኪናው ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አይወርድም። ድሮ የሀብታም መኪና ከነበረ ፍሬኑም አሞርዛተሩም ዛሬ የሚከፈልበት በሀብታም ዋጋ ነው። ከዚያ ቨርጂኒያ ውስጥ በስምህ ስታዞረው 4.15 በመቶ የሽያጭ ግብር አለ፤ ካውንቲህም በየዓመቱ የመኪና ግብር ይልክልሃል። ብዙዎቹ ስፖርት መኪናዎች ፕሪሚየም ቤንዚን ይጠይቃሉ። ኢንሹራንሱን ደግሞ ከመግዛትህ በፊት የመኪናውን ቁጥር ሰጥተህ ጠይቅ። ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ወንድ ልጅ የሚጠሩልህ ዋጋ አንዳንዴ መኪናውን ያስተውሃል፤ ያስተውህ።

3. ከላይ ሳይሆን ከሥር እይ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። በዚህ አገር መኪና የሚበላው ጨው ነው። ቀለም በአንድ ሳምንት ይቀባል፤ የበሰበሰ ሻንሲ ግን በቀለም አይድንም። ክሪክ ላይ ሳይወጣ መኪና አልገዛም በል። ማዝዳ ሚያታ ከሆነ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት፣ ከበሩ በታች ያለውን ላሜራ በጣትህ ጫን ጫን አድርገው። ከጨርቅ ጣራው የሚወርደው ውሃ መውጫ ቀዳዳው በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን እዚያው ይተኛና ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ቀለሙ አብጦ ካየኸው ውስጡ አልቋል። ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ ላሜራ ላይ ካልያዘልህ የነካኸው ስቱኮ ነው፤ አሉሚኒየም ወይም ፕላስቲክ የሆነውን አካል ግን አስቀድመህ ለይ። የኮፈኑንና የፓራፋንጎውን ብሎኖች እይ፤ ጫፋቸው ላይ ቀለሙ ከተላጠ ቁልፍ ገብቶባቸዋል፣ ማለት መኪናው ተጋጭቶ ይሆናል። ጎርፍ ያየ መኪናም አለ። የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳበው። ሻጭ ምንጣፍ ያጥባል፣ ወንበር ያጥባል፤ ቀበቶውን እስከ ጥጉ አውጥቶ የሚያጥብ ግን ጥቂት ነው። ጭቃ ደርቆ የሠራው መስመር ካለ እዚያ ታገኘዋለህ።

4. ጎማን እንደ ጫማ አትናቅ። የስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ የበጋ ጎማ ለብሶ ነው የሚሸጠው። ያ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ይደነድናል፣ በረዶ ባይኖርም መንገዱን አይቆነጥጥም። ኃይሉን ወደ ኋላ እግሩ የሚልክ መኪና ከሆነ ደግሞ ባልጠበቅከው መታጠፊያ ላይ ኋላው ወደ ፊት ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ሙሉ ጎማ ይኑርህ፤ አንዱ የበጋ፣ አንዱ የተራራና የበረዶ ምልክት ያለበት የብርድ ጎማ፣ ቢቻል በራሱ ቸርኬ። አራቱንም ቀይር እንጂ ሁለቱን ብቻ አትቀይር። ስትገዛም የጎማውን ዕድሜ አንብብ። ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው ግን ያረጀ ብዙ አይቻለሁ፤ ቆሞ የኖረ መኪና ምልክቱ ይህ ነው።

5. የምትገዛውን ሞዴል በሽታ ከሻጩ በፊት አንተ ዕወቅ። ልብህ ፖርሽ ቦክስተር ላይ እንደሆነ ይገባኛል፤ ዋጋው ወርዶ ከቤተሰብ መኪና ጋር ሲስተካከል ማን አይመኝም! ይህ መኪና ገበያ የወጣው በ1996 ነው። ሞተሩ ውስጥ ከክራንክሻፍቱ ተቀብሎ ካምሻፍቶቹን በሰንሰለት የሚያዞር መካከለኛ ዘንግ አለ፤ አይኤምኤስ ይሉታል። የዘንጉ አንድ ጫፍ የሚያርፈው ግሪሱ ውስጡ ታሽጎ በመጣ ኩሽኔታ ላይ ነው። ዕድሜ ሲጫነው መሸፈኛው ይላላል፣ የሞተር ዘይት ገብቶ ግሪሱን ያጥበዋል፣ ኳሶቹ ይበላሉ፣ ዘንጉ ይወላገዳል፣ ሰንሰለቱ ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ጥገና አይወራም፣ ስለ ሌላ ሞተር ነው የሚወራው። ሁሉም ላይ አይደርስም፤ የሚደርስበት ግን ሳይነገረው ነው። ይበልጥ የሚፈራው ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ሞዴሎች የገባው ባለ አንድ ረድፍ ኩሽኔታ ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ 2008 ያለው ተለቅና ጠንከር ያለ ነው፣ ነገር ግን ሞተሩ ሳይከፈት አይወጣም። ከ2009 ሞዴል ጀምሮ ሞተሩ ተለውጦ ዘንጉ ራሱ ቀርቷል።

ኩሽኔታው ያለው በካምቢዮው ወገን ስለሆነ የድሮዎቹን ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት። ሻጩ ፍሪሲዮን ተቀይሯል የሚል ደረሰኝ ካሳየህ «ያኔ ኩሽኔታውስ?» በለው። ካምቢዮ አውርዶ ኩሽኔታውን ሳያይ የመለሰ ሰው፣ ሁለተኛውን የእጅ ዋጋ ለአንተ ትቶልሃል። መካኒክህ የዘይት ፊልትሮውን አውጥቶ ወረቀቱን ይዘርጋው፤ በእጥፋቶቹ መካከል የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ አመስግነህ ሂድ። ደረሰኝ የሌለው «ተሠርቷል» አልተሠራም ማለት ነው።

የኔን ምርጫ ከጠየቅከኝ ግን ሚያታ ግዛ እልሃለሁ፤ ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ከመጡት፣ በኤሌክትሪክ የሚታጠፍ ጠንካራ ጣራ ካላቸው። ጉልበቱ ትንሽ ነው ይሉሃል። ኢንተርስቴት 395 ላይ በሥራ መግቢያ ሰዓት ማን በጉልበት ሲሄድ አየህ?

6. ጥቂት የተነዳ መኪና አይማርክህ። 20 ዓመት ኖሮ 30 ሺህ ማይል ብቻ ሄደ ሲሉህ ዓይንህ ይበራል። እኔ ደግሞ የደረቀ ጎሚኒ፣ የሞተ ባትሪ፣ ውሃ የጠጣ የፍሬን ዘይት ይታየኛል። ቆሞ የኖረ መኪና አንተ በየቀኑ መንዳት ስትጀምር ያኔ ነው ማፍሰስ የሚጀምረው። 90 ሺህ ማይል ሄዶ ደረሰኙ በፋይል ተይዞ የመጣውን ምረጥ።

7. የተነካካ አትግዛ። ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ ለበረዶ ጥሩ ነው፣ አራቱም ጎማ ይገፋል፤ ችግሩ የፊተኛው ልጅ ነው። ማርሚታ ቀይሯል፣ ኮምፒውተሩን አስነክቶ ቱርቦው ላይ ግፊት ጨምሯል፣ ወደ መሬት አውርዶታል። ሊሸጥ ሲል ፋብሪካ እንደሠራው ይመልሰዋል፤ ሞተሩ የጠጣውን ግን አይመልስም።

8. ማንን እንደምትጭን ቁጠር። እናትህ ከአዲስ አበባ በሁለት ትልልቅ ሻንጣ በርበሬና ሽሮ ይዛ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርድ አስብ፤ የአዲሱ ሚያታ የዕቃ ቦታ 130 ሊትር ገደማ ነው። አንዱም ሻንጣ አይገባም። ትርፍ ጎማም የለውም፤ የሚሰጡህ ማሸጊያና መንፊያ ነው። ይህ ካስጨነቀህ የኋላ ወንበር ወዳለው ሂድ፣ ሙስታንግም ይሁን ጎልፍ ጂቲአይ።

9. ወረቀቱን ከመኪናው እኩል መርምር። ታይትሉ ላይ ያለው ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ይግጠም። «የአጎቴ ነው» ካለህ አጎትየው ይምጣ። በመስታወቱ ሥር ያለው ባለ 17 ፊደልና ቁጥር መለያ በበሩ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፤ በዚያው ቁጥር ያልተሠራ ሪኮል እንዳለው እይ፣ በተለይ የታካታ ኤርባግ። ታይትሉ ላይ ሳልቬጅ ወይም ሪቢልት የሚል ማኅተም ካለ ርካሽነቱ አያታልልህ፤ ስትሸጠው አንተም ያው ይደርስብሃል። «ኢንስፔክሽን አልፏል» ሲሉህም አትርካ። የቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራ እንደ አገር ቤቱ ቦሎ ነው፤ ፍሬኑንና መብራቱን ያያል፣ ጎማውን በ2/32 ኢንች ጥርስ ያሳልፋል፣ ስለ ሞተሩ ጤና ግን ምንም አይመሰክርም። ሻጩ የማያውቀው መካኒክ ጋ ወስደህ ጥቂት መቶ ዶላር ከፍለህ አስመርምር። ሻጩ እምቢ ካለህ መልሱን ነግሮሃል።

10. ከገዛኸው በኋላ ጠዋት አትጋልበው። ዘይቱ እስኪሞቅ ድረስ ሞተሩን አታስጩኸው፤ የውሃው መለኪያ መሃል ሲደርስ ዘይቱ ገና ነው። መንገድህ አጭር ከሆነ በሳምንት አንዴ ረዘም አድርገህ ንዳው፣ ዘይት ውስጥ የገባው እርጥበት እንዲተን። ጨው በተረጨ ሰሞን ሥሩን አሳጥበው። በብርዱ ወራት ቤንዚኑን ከግማሽ በታች አታውርድ፤ ኢንተርስቴት 95ን አትርሳ። በረዶም ሲወርድ ሥራ ከመሄድህ በፊት ባለቤቱ የሚፈቅድልህ ባዶ ማቆሚያ ፈልገህ ኋላው እንዴት እንደሚያመልጥ በዝግታ ሞክር። ሌላ ቦታ አትማረው።

11. ልታየው ስትሄድ ሻጩ ሞተሩን እንዳያስነሳ አስቀድመህ ንገረው። ስትደርስ መጀመሪያ እጅህን ሞተሩ ባለበት በኩል አድርግ፤ ቦክስተር ከሆነ ከወንበሩ ኋላ ነው። ትኩስ ከሆነ የደበቀው ነገር አለና ሌላ ቀን ተመለስ። ቀዝቃዛ ከሆነ አስነሳና ከኋላ ቆመህ ጭሱን እይ። ቦክስተር ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ቢያወጣ፣ ሲሊንደሮቹ የተኙ ስለሆኑ ዘይት ያርፍባቸዋል፤ ወዲያው ከጠፋ አያስፈራም። እየቆየም ከጨሰ ተወው። ሰንሰለት ወይም ብረት የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማህም ገንዘብ አትቁጠር፤ ስልክህን አውጥተህ ድምፁን ቅዳና ላክልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ።