መዝገብ ራሱን በራሱ ሲያድስ
(የሀብሩን የገጠር መሬት መዝገብ ምሳሌ በማድረግ)

መሬት ከቦታው አይነቃነቅም፤ ባለመሬቱ ግን ያገባል፥ ይፋታል፥ ያከራያል፥ ያወርሳል፥ በመጨረሻም ይሞታል። ስለሆነም የመሬት መዝገብ የሚፈተነው በተጻፈበት ቀን ሳይሆን ከተጻፈ በኋላ በሚመጡት ዓመታት ነው። በጊዜው ያልታደሰ መዝገብ ጭራሽ ካልተጻፈው የባሰ ክርክር ያመጣል፤ አንዱ ወረቀቱን ይዞ ሲቀርብ ሌላው እውነቱን ይዞ ይቆማልና።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን የማደስ ሥራ ለኮምፒዩተር ስንሰጥ ምን ምን ብለን ማዘዝ እንደሚገባን ነው። ነገሩ ከአካባቢያችን የራቀ አይደለም። ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ ሀብሩ ባለ የገጠር ወረዳ የብዙው ቤተሰብ ኑሮ በማሳው ላይ የቆመ ስለሆነ፥ በመዝገቡ ውስጥ የአንዲት ቃል መለወጥ የአንድ ቤት እንጀራ ጉዳይ ነው።

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመጀመሪያው ዙር የማሳው ወሰን በአዋሳኞች ምስክርነት እየተለየ በእጅ በመዝገብ ይጻፍ፥ ለባለይዞታውም ደብተር ይሰጠው ነበር። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ወሰኑ እየተሠመረ፥ ማሳው ካርታና መለያ ቁጥር እንዲኖረው ተደረገ። መረጃውን በኮምፒዩተር ለመያዝና ለማደስም በአጭር አጠራሩ ኤንአርላይስ የተባለ አገር አቀፍ የገጠር መሬት አስተዳደር የመረጃ ሥርዓት ተዘጋጅቷል። ክልሉ የገጠር መሬት አዋጁን በ1998 ዓ.ም. በቁጥር 133፥ በኋላም በ2009 ዓ.ም. በቁጥር 252 አሻሽሎ ያወጣ ሲሆን፥ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ በሁለቱም ስም ይመዘገባል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውስ እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የንግድ ድርጅቶች የሚሠሩባቸው እንደ ሴልስፎርስና ሰርቪስናው ያሉ የሥራ ሂደት መድረኮችም ቢሆኑ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ ጠባይ የላቸውም። መዝገብ ራሱን በራሱ እንዲያድስ የሚወጣ ደንብ ሁሉ አራት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት።

አንደኛ፤ መነሻው ምንድን ነው? ይኸውም ደንቡን የሚቀሰቅሰው ድርጊት ነው። አዲስ ማመልከቻ መግባቱ፥ የአንድ ጉዳይ መጽደቅ፥ ወይም የተወሰነ ቀን መድረስ መነሻ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፤ በምን ሁኔታ? መነሻው በተገኘ ቁጥር ሁሉ ደንቡ ይሠራ ማለት አይደለም። «ጉዳዩ ኪራይ ከሆነ፥ በማሳውም ላይ የፍርድ ቤት እግድ ከሌለ» የሚል ገደብ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛ፤ የሚለወጠው የትኛው መዝገብ፥ የትኛውስ ዓምድ ነው? ጉዳዩ አንድ መዝገብ ነው፤ ማሳው ሌላ መዝገብ ነው፤ ባለይዞታው ደግሞ ሦስተኛ ነው። እነዚህን ያልለየ ሰው የኪራዩን ለውጥ በባለይዞታው ስም ላይ ሊጽፈው ይችላል።

አራተኛ፤ የሚጻፈው ነገር ከየት ይመጣል? አንዳንዱ እንደ «ተከራይቷል» ያለ የታወቀ ቃል ነው፤ አንዳንዱ ከማመልከቻው ይገለበጣል፤ አንዳንዱም በስሌት ይገኛል።

ቀላሉን ምሳሌ እንውሰድ። የሦስት ዓመት የኪራይ ውል በኀላፊው ፊት ጸደቀ እንበል። መነሻው መጽደቁ ነው፤ ሁኔታው እግድ አለመኖሩ ነው፤ የሚለወጠው የማሳው «ሁኔታ» የሚለው ዓምድ ነው፤ የሚጻፈውም «ተከራይቷል» የሚለው ቃልና የውሉ ማብቂያ ቀን ነው። ጸሐፊው ሦስት ጊዜ ይገለብጠው የነበረውን ኮምፒዩተሩ በአንድ አፍታ ይጽፈዋል። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው።

አሁን ከባዱን እንይ። በአንድ የሀብሩ ቀበሌ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ማሳ አለ እንበል። ባል ሞተ፤ ሞቱም ተመዘገበ። ደንብ አውጪው ሥራ ለማቃለል ብሎ «የባል ሞት ሲመዘገብ ስሙ ይሰረዝ፤ ማሳው በሚስት ስም ብቻ ይሁን» ቢል የልጆችን ውርስ አጠፋ። «የበኵር ልጅ ስም ይተካ» ቢልም የሌሎቹን ወራሾች መብት ነካ። ተጠንቅቄአለሁ ብሎ «ማሳው በሙሉ ይታገድ» ቢል ደግሞ ባለቤቲቱን በደለ። እርስዋ የራስዋ ድርሻ ያላት ባለይዞታ እንጂ ወራሽ ብቻ አይደለችም። በሬ ከሌላት ማሳውን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች፤ እግዱ በሰኔ ወድቆ እስከ መስከረም ቢቆይ የዓመት እህልዋ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ትክክለኛው ደንብ የትኛው ነው? የሞቱ መመዝገብ የሟችን ድርሻ ብቻ «ውርስ ያልተጣራበት» ብሎ ምልክት ያድርግበት፤ ለመሬት አስተዳደር ባለሙያውም አዲስ ጉዳይ ይክፈትለት። የስም ለውጥ የሚደረገው ወራሾች በሕግ ተጣርተው ውሳኔው ሲጸድቅ ብቻ ይሁን። ከዚህ የምናገኘው ዋና ትምህርት አንድ ነው፤ ኮምፒዩተር ይገልብጥ እንጂ አይፍረድ። ሰው የወሰነውን ወደየመዝገቡ ማድረስ የመኪና ሥራ ነው፤ መወሰን ግን የመኪና ሥራ አይደለም። አንድ ጸሐፊ ቢሳሳት አንድ ማሳ ይሳሳታል፤ አንድ ደንብ ቢሳሳት ግን የወረዳው መዝገብ በሙሉ በአንድ ሌሊት ሊሳሳት ይችላል።

ከዚህ ሌላ ደንብ አውጪው አራት ነገሮችን ይጠንቀቅ።

ስለ መለያ፤ ደንቡ መዝገብን ከመዝገብ የሚያገናኘው በቁጥር እንጂ በስም አይሁን። በእኛ በወሎ መሐመድ፥ ሙሐመድ፥ ሙሀመድ ተብሎ ይጻፋል፤ ኃይሉም ሀይሉ፥ ኀይሉ ይሆናል። ለዓይናችን አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በአንጻሩ በአንድ ቀበሌ ሁለት ሰይድ መሐመድ ቢኖሩ እንደ አንድ ይቈጥራቸዋል።

ስለ ቀን፤ ደንቡ የዘመን አቈጣጠራችንን ይወቅ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመ የሦስት ዓመት ውል መቼ ያልቃል? «ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ቀን» ብሎ ማዘዝ ከንቱ ነው፤ 2018 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 የለውምና።

ስለ መዞር፤ የማሳው መዝገብ ሲለወጥ የቤተሰቡ መዝገብ እንዲለወጥ፥ የቤተሰቡ ሲለወጥም የማሳው እንዲለወጥ ሁለት ደንቦች ቢወጡ እርስ በርስ እየተቀሰቀሱ ማቆሚያ ያጣሉ። መድኀኒቱ ዓምዱ በእርግጥ ከተለወጠ ብቻ ደንቡ እንዲሠራ ማዘዝ ነው።

ስለ ታሪክና ስለ ቅጂ፤ አዲሱ ሲጻፍ አሮጌው አይጥፋ። ማን፥ መቼ፥ በየትኛው ጉዳይ እንደለወጠው ይመዝገብ፤ የተበደለ ሰው የሚከራከረው በዚህ ነውና። ቅጂውም በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያ በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፥ ዩኒቨርሲቲው ሳይቀር፥ ተዘርፈዋል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። መሥመሩ ሲቋረጥ የወረዳው መዝገብና የላይኛው ቅጂ ይለያያሉ፤ ስለዚህ ለውጦቹ በተራቸው ተጠብቀው መሥመሩ ሲመለስ በቅደም ተከተል እንዲተላለፉ፥ የተጋጩትም ለሰው ዓይን እንዲቀርቡ ይታዘዝ።

ደንቡ ከመለቀቁ በፊት በመዝገቡ ቅጂ ላይ ይፈተን። ፈተናው በቀላሉ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን በባልቴቲቱ፥ በአካለ መጠን ባልደረሰው ወራሽ፥ ሁለት ሚስት ባለው ባለይዞታ ጉዳይ ይሁን። ፕሮግራም የሚጽፈው ተማሪ ሕጉን፥ ሕግ የሚያጠናውም የመዝገቡን አሠራር ካልጠየቀ ይህ ፈተና ከቶ አይሟላም።

ለመለማመጃ ይህን ጥያቄ እንተዋለን። ባልና ሚስት ተፋተዋል፤ ፍርድ ቤቱ ማሳውን ለሁለት ከፍሎታል፤ ነገር ግን ማሳው ከፍቺው በፊት ተከራይቶ ውሉ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። መነሻው፥ ሁኔታው፥ የሚለወጠው መዝገብና የሚጻፈው ነገር ምን ምን ይሁን? ለሰው ውሳኔ የሚተወውስ የትኛው ነው? ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ከባልንጀሮቻችሁ ጋር ተከራከሩበት።