ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር የማን ነው?

አሶሳ ገበያ ማንጎ የሚሸጡ እናት አሉ እንበል። ስልካቸው ይጠራል፤ ስክሪኑ ላይ የወጣው የባንካቸው ቁጥር ነው። «እማማ፣ ከባንክ ነው የምንደውለው። ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ አሁን በመልእክት የገባልዎትን ኮድ ያንብቡልኝ» ይላል ትሑት ድምፅ። እናት ቁጥሩን አምነው ኮዱን ይነግራሉ። የሒሳባቸው ቁልፍ ያ ኮድ ነበርና፣ ስልኩ ሳይዘጋ ገንዘባቸው ይሄዳል።

እኚህን ሴት «ለምን አመኑ?» ብሎ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ያመኑት ዓይናቸው ያየውን ነው። ችግሩ ያለው ከቁጥሩ አመጣጥ ላይ ነው። ስልካችን የደዋዩን ቁጥር ራሱ አያጣራም፤ ጥሪውን ያስነሣው ኔትወርክ አብሮ የላከውን ብቻ ያሳያል። ኔትወርኮች እርስ በርስ የሚግባቡበት ሥርዓት የተነደፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ነው። ያኔ ኩባንያዎቹ ጥቂት ስለነበሩ አንዱ የሌላውን ቃል ሳይመረምር ይቀበል ነበር። ጥሪ በኢንተርኔት ማለፍ ሲጀምር ግን፣ በደዋዩ ቁጥር ቦታ የሌላ ሰው ቁጥር መጻፍ ለአጭበርባሪ ቀላል ሆነለት።

እኛ አገር በደንብ የሚታወቀው የዚህ ቅርብ ዘመድ ሲም ቦክስ ነው። ብዙ ሲም ካርድ የሚሰካበት ይህ መሣሪያ ከውጭ በኢንተርኔት የመጣን ጥሪ ተቀብሎ ከአገር ውስጥ እንደተደወለ አድርጎ ያሳልፈዋል። ከሪያድ የሚደውል ወንድም በማናውቀው 09 ቁጥር የሚመጣብን ለዚህ ነው። «የማታውቁትን ቁጥር አታንሡ» የሚለው ምክር ታዲያ በአሶሳና በኩርሙክ አይሠራም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ ድንበር ማዶ ዘመድ ያለው ሰው እንግዳ ቁጥር ሲያይ ማንሣቱ የግድ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ኔትወርኩን ዘሎ ጥሪ የሚያሳልፍን ሰው ከ10 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ቅጣቱ ከባድ ነው፤ በዋናነት የሚጠብቀው ግን የቴሌኮሙን ገቢ ነው። ለማንጎ ሻጯ የሚቀርበው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ነው። በአንቀጽ 10 መሠረት፣ አሳሳች መረጃ በማሰራጨት ወይም ማንነቱን በመሰወር ሌላውን አታሎ መብቱን የሚጎዳ ነገር እንዲፈጽም ያደረገ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራትና እስከ 50 ሺህ ብር መቀጮ ይጠብቀዋል።

የሌላ ቁጥር አስመስሎ መደወልን በስሙ ጠርቶ ራሱን የቻለ ወንጀል ያደረገ አንቀጽ ግን በሁለቱም አዋጆች ውስጥ የለም። በእኔ እምነት ይህ ክፍተት መሞላት አለበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው ሕግ መነሻ ሊሆነን ይችላል። ለማጭበርበር፣ ለመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም ለማግኘት አስቦ ሐሰተኛ ቁጥር ያሳየን ሰው ለአንድ ጥሰት እስከ 10 ሺህ ዶላር ያስቀጣል። «አስቦ» የሚለው መለኪያ መኖሩ ደግ ነው። በግል ስልኩ ደውሎ የክሊኒኩን ቁጥር የሚያሳይ ሐኪም ወንጀለኛ መሆን የለበትምና።

ቅጣት ብቻውን ግን ጥሪውን አያስቆመውም። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በኢንተርኔት ሥርዓት ለሚያልፍ ጥሪ የቁጥሩን እውነተኛነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል ፊርማ እንዲያያይዙ ተገደዋል። እኛ ዘንድ ያሉት የሞባይል ኦፕሬተሮች ሁለት፣ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም፣ በመሆናቸው ሥራው የሚቀል ይመስለኛል። ከውጭ መስመር ገብቶ 09 ወይም 07 ቁጥር የሚያሳይ ጥሪ፣ ባለቤቱ በእርግጥ ውጭ አገር ካልሆነ በቀር፣ መታገድ ይችላል።

እስከዚያው የተጠራጠረ ሰው ስልኩን ዘግቶ የባንኩን ቁጥር በራሱ እጅ መደወል ይችላል። አጭበርባሪው ቁጥሩን አስመስሎ ያሳያል እንጂ መስመሩ የእሱ ስላልሆነ፣ መልሰው ሲደውሉ የሚያነሣው እውነተኛው ባንክ ነው። የሐሰት መልእክትም በዚሁ መንገድ ይጋለጣል። «በስህተት ቴሌብር ላክሁብዎ፣ ይመልሱልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ መልእክቱን ትቶ በ*127# ገብቶ ሒሳብን ማየት ነው።

ገንዘቡ ከሄደ ደግሞ መጀመሪያ ለባንኩ ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ፣ ቀጥሎ የጥሪውን ቀን፣ ሰዓትና ቁጥር ጽፎ፣ መልእክቱን ሳያጠፉ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። አዋጅ 958 አገልግሎት ሰጪዎች ጥሪው ከየት ተነሥቶ በየት እንዳለፈ የሚያሳየውን መረጃ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ከዚያ በኋላ ያቆዩታል ማለት ግን አይደለምና፣ አቤቱታው በዚያው ሳምንት ቢቀርብ ይሻላል።