ዲሽ መኪናዎ ላይ ከመጫንዎ በፊት፦ ወደ ሃና ለሚወርዱ

ከጂንካ ቁልቁል ወርዶ፣ ማጎ ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ሃና በሚያደርሰው መንገድ መኪናቸውን ቤት ያደረጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። የመንገድና የስኳር ፕሮጀክት ባለሙያ በካራቫን ወራት ይከርማል። ከኬንያ በኦሞራቴ በኩል የሚመጣ የውጭ ተጓዥ አልጋና ምድጃ በተገጠመለት መኪና ያድራል። ከውጭ ተመልሶ አገሩን እየዞረ መኖር የሚመኝ ወገንም አለ። ማታ ሲመሽ ታዲያ ሁሉም ዜናና ኳስ ያምረዋል።

ሂሳቡን ከአኗኗርዎ ይጀምሩ። በየሁለት ቀኑ የሚነሱ ከሆነ ዲሽ አይግዙ፤ ማስተካከሉ ከማየቱ ይበልጥብዎታል። አንድ ቦታ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆሙ ግን ድካሙን ይክሳል። ከሁለቱ መካከል ያሉ ሰዎች የሚቀጥለውን አንብበው ይወስኑ።

ምን ሊያዩ ነው?

የአገር ውስጥ ቻናሎች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮሳት በሚል ስም ተሰባስበዋል። የሚተላለፉት በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ከመጠቀው ኤንኤስኤስ 12 ከተባለ ሳተላይት ሲሆን፣ ቦታው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ኤምቢሲ 2ን የመሰሉ የዓረብ ቻናሎች የሚገኙት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ካለው ናይልሳት ነው። ዲኤስቲቪ ደግሞ 36 ዲግሪ ምሥራቅ ካለ የዩቴልሳት ሳተላይት ይመጣል፤ ካርድም ክፍያም ይፈልጋል።

ከተማ ውስጥ አንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ሲግናሉን የሚቀበለው ዕቃ) ማሰር የተለመደ ነው። ይህ የሚሠራው ለሚቀራረቡ ሳተላይቶች ብቻ ነው። ኢትዮሳትና ናይልሳት በ64 ዲግሪ ስለሚራራቁ ሁለቱንም ከፈለጉ ሁለት ዲሽ ሊጭኑ ነው ማለት ነው። ለመኪና ኑሮ አንዱን ይምረጡ፤ እኔ ብሆን ኢትዮሳትን እይዛለሁ።

ሰማዩ ይታያል?

ብዙ ሰው ሳይጠይቀው የሚያልፈው ይህን ነው። በጂንካና በሃና አካባቢ ኢትዮሳት ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብሎ ይገኛል፤ በኮምፓስ 105 ዲግሪ ገደማ። ናይልሳት በምዕራብ በኩል 40 ዲግሪ ላይ ዝቅ ብሏል። የዲኤስቲቪው ሳተላይት ግን ከአናትዎ በላይ ነው። ጂንካ ራሷ 36 ዲግሪ ተኩል ያህል ኬንትሮስ ላይ ስለሆነች ከፍታው 83 ዲግሪ ይደርሳል። አንዳንዱ የዲሽ ማሰሪያ እስከዚያ አይጋደምምና ከመግዛትዎ በፊት በእጅዎ አጋድመው ይሞክሩት።

ቁጥሩ የሚጠቅመው መኪና የሚያቆሙበትን ቦታ ለመምረጥ ነው። ማጎ ውስጥ በኔሪ ወንዝ ዳር ያለው ጥላ ለእንቅልፍ ገነት፣ ለዲሽ ግን ግድግዳ ነው። በምሥራቅ በኩል 20 ሜትር የሚረዝም ዛፍ ካለ ለኢትዮሳት ዲሹን ከግንዱ 10 ሜትር አርቀው ያቁሙ፤ ቅርንጫፉ የሚንሰራፋ ከሆነ ደግሞ ይጨምሩ። ለናይልሳት ከምዕራቡ ዛፍ ወደ 25 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ለዲኤስቲቪ ከላይዎ ቅጠል እንኳ አይኑር። ስለዚህ ረዘም ያለ ኬብል ይያዙ፤ መኪናው ጥላ ሥር፣ ዲሹ ፀሐይ ላይ ይዋል። ዲሹን ጣሪያ ላይ ማሰር ያምራል እንጂ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር መኪናው ሲወዛወዝ ሥዕሉም ይቆራረጣል። በሦስት እግር መቆሚያ መሬት ላይ ተክለው የአሸዋ ከረጢት ቢጭኑበት ይሻላል።

አዲስ አበባ ላይ አስተካክለው ከመጡ ደስ የሚል ነገር አለ፤ የኢትዮሳት ከፍታ ከዚያ እስከ ሃና የሚለወጠው በአንድ ዲግሪ ገደማ ነው። የሚቀየረው አቅጣጫው ነው፤ ወደ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። ኤልኤንቢውም በማቀፊያው ውስጥ በዚያው መጠን መዞር አለበት፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳውና «ሲግናል አለ፣ ኳሊቲ የለም» እያለ ያመሻል። ከፍታውን በማርከር ምልክት ያድርጉና አይንኩት፤ ግራ ቀኝ ብቻ በዝግታ ይፈልጉ። የስልክ ኮምፓስ ከመኪና ብረት አጠገብ ስለሚዋሽ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ያንብቡት።

ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ

እንደ እንቁላል ቅርፊት ክዳን ያለው፣ ቁልፍ ሲጫኑት ራሱ ሳተላይት የሚፈልግ ዲሽ አሜሪካ ውስጥ በማደሪያ መኪኖች ጣሪያ ላይ የተለመደ ነው። ዘመድ ሊልክልዎ ቢነሳ አመስግነው ይመልሱት። የተሠራው ለዳይሬክቲቪና ለዲሽ ኔትወርክ ነው፤ የሚያውቃቸው ሳተላይቶች ከአሜሪካ ሰማይ በላይ ያሉት ናቸው። የሞገዱ ዓይነትም አይገጥምም፤ የዚያ ኤልኤንቢ የሚቀበለው ከ12.2 እስከ 12.7 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል እየተጠማዘዘ የሚመጣ ሞገድ ሲሆን፣ የኢትዮሳት ቀጥ ያለና 11 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ከጂንካ ወይም ከአርባ ምንጭ ገበያ የሚገዙት ተራ ዲሽ ይበልጠዋል።

በሳተላይት ኢንተርኔት የሚሰጥ ዕቃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ መቀበል ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ያሰራጫል፤ ጉምሩክ ላይ ከመድረሱ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

መብራቱ ከየት ይመጣል?

ሪሲቨሩ 15 ዋት፣ ትንሽ ቴሌቪዥን 30 ዋት ቢበሉ በአራት ሰዓት 180 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመር ከ200 ያልፋል። 100 አምፔር-ሰዓት የሚይዝ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጥዎ ግማሹን፣ 600 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። ያለ ሶላር ሁለት ምሽት፣ ቢበዛ ሦስት። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ ሪሲቨርና ቴሌቪዥን ካገኙ ኢንቨርተሩን ይተዉት። ሞተር የሚያስነሳውን ባትሪ በምንም ምክንያት አይንኩ። ማጎ ውስጥ የሚገፋዎ ሰው ላያገኙ ይችላሉ።

የሚያናድዱ ነገሮች

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ አለ። ከባድ ደመና ሲመጣ ሥዕሉ ይቆማል፤ ዲሹን መነካካት አይጠቅምም፣ እስኪያባራ ይጠብቁ። በትንሽ ዲሽ ሳተላይቱን ማግኘት ይቀላል፣ በዝናብ ግን ሥዕሉ ቀድሞ ይጠፋል፤ 90 ሴንቲ ሜትሩ ይሻላል። በመጋቢት ሁለተኛ ሳምንትና በመስከረም አጋማሽ ደግሞ ረፋድ 5 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ ከኢትዮሳት ሳተላይት ኋላ ስለምታልፍ ለጥቂት ቀናት፣ ለጥቂት ደቂቃ ሥዕሉ ቢጠፋ ዕቃው ተበላሸ ብለው አይፍቱት። ጼጼ ዝንብ ለማጎ አዲስ አይደለችም፤ ቆላው ላይ ዲሽ የሚያስተካክል ሰው ሁለት እጁ ተይዟልና እጅጌው ረዥም ይሁን።

ለቅዳሜና ለእሑድ ኳስ ብቻ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ከተማ ወርዶ ዲኤስቲቪ ቤት መግባት ከካርዱም ከዲሹም ይረክሳል፤ ጩኸቱም አብሮ ይገኛል። ለልጆች የሚያዩትን ኔትወርክ ባለበት አውርደው በሜሞሪ ይያዙላቸው።

አሁንም ልግዛ ካሉ፣ ጂንካ ላይ ዲሽ ሠሪው እያየዎት ራስዎ ፈትተው ሲግናሉን ራስዎ መልሰው ያግኙ። የቻናሎቹን ፍሪኩዌንሲ በወረቀት ይጻፉ፤ የሪሲቨሩ ማህደር ሲጠፋ ማስታወሻው ስልክዎ ላይ ካለ ስልኩም ያኔ ዘግቶ ይሆናል። ትርፍ የኬብል ጫፍ፣ አንድ ትርፍ ኤልኤንቢና 10 ቁጥር ቁልፍ አይርሱ።