ከዋንዛ ግንድ ቴሌስኮፕ ስለ መሥራት

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና አገር ዋንዛን የማያውቅ ሰው የለም። በቁሙ ለቡናው ጥላ ይሆናል፤ ሲቆረጥ ደግሞ በር፣ ጠረጴዛና ቀፎ ይወጣዋል። በዚህ ትምህርት ከዚሁ ከምናውቀው እንጨት ሰማይን አቅርቦ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ማለትም ቴሌስኮፕ፣ እንዴት እንደ ሠራን እንመለከታለን። ከገበያ የሚገዙት ዋና ነገሮች ሁለት ሌንሶች ናቸው። የቀረው ከጓሮና ከጫካ ይገኛል።

1. ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስሆን፣ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት እንዳስተምር ተመድቤ ወደዚህ አገር መጣሁ። አንድ ማታ ስለ ጨረቃ የሚናገር ምንባብ እናነብ ነበር። ጨረቃ ድንጋይና አፈር እንደ ሆነች፣ ተራራና ጉድጓድ እንዳላት፣ የራሷ ብርሃን ግን እንደሌላት አስረዳሁ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቡና ገበሬ እጃቸውን አነሡ።

«ልጄ፣ ይህን ተራራ አንተ በዓይንህ አይተኸዋል?»

«የለም አባባ፣ ከመጽሐፍ ነው ያነበብኩት።»

«እንግዲያው አንተ የሰማኸውን ነገርከኝ ማለት ነው። እኔም ከአባቴ የሰማሁት አለኝ» ብለው ተቀመጡ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ ግን መልስ አጣሁ፤ ምክንያቱም እውነታቸውን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ «የሰማችሁትን ሁሉ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ፣ መርምሩ» እያልኩ ሳስተምር ከርሜ፣ እኔ ራሴ ያልመረመርኩትን እመኑኝ ማለቴ ነው። በማግስቱ ማታ «እንግዲያው አብረን እንየው» አልኳቸው።

2. ሌንስ ምን ይሠራል?

ለቴሌስኮፕ የምንጠቀምበት ሌንስ መካከሉ ወፈር፣ ጠርዙ ሳሳ ያለ ብርጭቆ ነው። ከሩቅ የመጣ ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ መንገዱን ለውጦ አንድ ቦታ ላይ ይሰበሰባል። ከሌንሱ እስከዚያ ቦታ ያለው ርዝመት የትኩረት ርቀት ይባላል።

ይህን በቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ። ቀን ላይ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ሌንሱን ወደ ተከፈተው መስኮት አዙራችሁ ያዙ። ከሌንሱ በስተኋላ ነጭ ወረቀት አድርጉና ወረቀቱን ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ ውሰዱት። በውጭ ያለው ኮረብታ ተገልብጦ ወረቀቱ ላይ ይታያል። ምስሉ ጥርት ሲል ከሌንሱ እስከ ወረቀቱ ያለውን ለኩ። የትኩረት ርቀቱ እሱ ነው።

ለትልቁ ሌንስ የተጠቀምነው የንባብ መነጽር ብርጭቆ ነው። ፕላስ 1 የሚል ቁጥር ያለው መነጽር የትኩረት ርቀቱ 100 ሳንቲ ሜትር ነው። ለትንሹ ሌንስ ደግሞ የትኩረት ርቀቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ አጉሊ መነጽር ወሰድን። ትልቁ የጨረቃን ምስል ይሠራል፤ ትንሹ ያንን ምስል ለዓይናችን ያጎላል። ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ ለማወቅ የትልቁን ርቀት ለትንሹ ማካፈል ነው፦ 100 ሲካፈል ለ5፣ 20 ይሆናል። ስለዚህ የእኛ ቴሌስኮፕ 20 ጊዜ ያጎላል ማለት ነው።

20 ጊዜ ትንሽ አይደለም። ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1609 ጨረቃን የተመለከተበት ቴሌስኮፕ የሚያጎላው ይህንኑ ያህል ነበር። ከእሱ ቴሌስኮፖች እስከ ዛሬ በሙዚየም የተቀመጡትም አካላቸው ከእንጨት ነው።

3. የእንጨቱ ሥራ

ግንዱን የጠረቡልን አንድ ቀፎ ሠሪ ናቸው። የእሳቸው ቀፎ አሠራር ለዚህ ሥራ በጣም ተስማሚ ነው፤ ግንዱን ለሁለት ሰንጥቀው፣ ሁለቱንም ክፋይ ፈልፍለው፣ መልሰው ይገጥሙታል። የምንፈልገውን ስነግራቸው «ንብ የማይገባበት ቀፎ ነው የምታሠራኝ?» ብለው ሳቁ።

የመጀመሪያው ሥራችን ተበላሸ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። እሳቸው «ግንዱ ይድረቅ» ቢሉኝም ቸኩዬ በእርጥቡ አስጠረብኩት። ሲደርቅ ተጣመመ፤ መጋጠሚያው ላይም ጣት የሚያስገባ ክፍተት አወጣ። ለካ ሳይመረምሩ ማመን ጥፋት እንደ ሆነ ሁሉ፣ በሥራው የኖረን ሰው አለመስማትም ጥፋት ነው። ሁለተኛውን ግንድ ከምድጃ በላይ ባለው ቆጥ ላይ ሰቅለን ብዙ ሳምንት አቆየነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ሀ) ርዝመቱ 85 ሳንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ የዋንዛ ግንድ ለሁለት ይሰነጠቃል። ሲገጠም የውስጡ ስፋት 7 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን ሁለቱም ክፋዮች ይፈለፈላሉ።

ለ) ውስጡ በጥላሸት ይጠቁራል። ነጭ ሆኖ ከቀረ ከጎን የሚገባው ብርሃን እየነጠረ ምስሉን ያደበዝዘዋል።

ሐ) ሁለቱ ክፋዮች በኮላ ተጣብቀው በሐረግ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ።

መ) ትልቁ ሌንስ በአንደኛው አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ጎበጥ ያለው ፊቱ ወደ ሰማይ ይሁን። ጠርዙን ዙሪያውን በሰም ማያያዝ ይበቃል። ከፊቱ መካከሉ 3 ሳንቲ ሜትር የተበሳ ካርቶን ይደረግበታል። ይህ ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በሌንሱ ጠርዝ በኩል የሚመጣውን ብዥታና የቀስተ ደመና ቀለም ስለሚከለክል ምስሉን ያጠራዋል።

ሠ) በሌላው አፍ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቀርከሃ ይገባል። አንጓው መበሳት አለበት። ሳይላላ እንዲንሸራተት ጨርቅ ይጠቀለልበታል። ትንሹ ሌንስ በቀርከሃው የውጭ ጫፍ ላይ በሰም ይያያዛል።

ሁለቱ ሌንሶች 105 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲራራቁ ምስሉ ይጠራል። ይኸውም የሁለቱ የትኩረት ርቀት ሲደመር ነው። የእያንዳንዱ ሰው ዓይን ስለሚለያይ ቀርከሃውን ትንሽ ገፋ ወይም ሳብ ማድረግ ያስፈልጋል።

4. ባላና ሙቀጫ

20 ጊዜ የሚያጎላ ነገር መንቀጥቀጡንም 20 ጊዜ ያጎላዋል። ስለዚህ በእጅ ተይዞ አይታይበትም። እኛ ጠንካራ ባላ አቆምንና የቴሌስኮፑን ወገብ በባላው ሁለት ቀንዶች መካከል በእንጨት ችካል አያያዝነው። በዚህ ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። የባላውን እግር ደግሞ በግማሽ የተቀበረ አሮጌ ሙቀጫ ውስጥ አስገባነው። በዚህ ግራና ቀኝ ይዞራል።

እንዲህ ያለው ቀላል ዘዴ የሚናቅ አይደለም። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ መነኩሴ የነበረው ጆን ዶብሰን በሳንቃ ሣጥን ላይ ወደ ላይና ወደ ጎን ብቻ የሚዞር ቴሌስኮፕ እየሠራ፣ መንገድ ዳር አቁሞ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ያሳይ ነበር። እሱና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ በብዙ አገር የሰማይ ወዳጆች በእሱ ስም የሚጠራውን የእንጨት ማቆሚያ ይጠቀማሉ።

5. ምን አየን?

በዚህ አገር ዝናቡ ረጅም ነው። ሥራውን ብንጨርስም ደመናው እስኪገለጥ ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነብን። ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ቡና በሚለቀምበት ጊዜ፣ ሰማዩ ጠራ። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ማታ ተማሪው ሁሉ ከነልጆቹ መጣ።

ግማሽ ጨረቃን የመረጥነው በምክንያት ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለምታበራባት ጥላ አይታይም። ግማሽ ስትሆን ግን ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ፀሐይዋ ከጎን ስለምትመታ ጥላው ይረዝማል።

ሽማግሌው ተራቸው ሲደርስ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ጨረቃዋ ከዓይናቸው ስትወጣ ባላውን ገፋ እያደረግን መለስንላቸው። መሬት ስለምትዞር ጨረቃ የራሷን ስፋት ያህል መንገድ ለመሄድ ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃታል። በመጨረሻ ቀና አሉና፦

«ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ጥላ ወድቋል። ጥላ የሚጥል ነገር ደግሞ ቁመት አለው፤ እንግዲህ ተራራው እውነት ነው» አሉ።

ይህን እኔ አልነገርኳቸውም። ጋሊሌዮም ተራራ መኖሩን ያወቀው በጥላው ነበር። ሽማግሌው አይተው፣ ራሳቸው አስበው ደረሱበት።

በሚቀጥሉት ማታዎች ጁፒተርን ፈለግን። ጁፒተር ደመቅ ያለ፣ እንደ ሌሎቹ ከዋክብት ብዙም የማይርገበገብ ነው። በአጠገቡ ትንንሽ ነጠብጣቦች ተሰልፈው አየን። ቦታቸውን በየማታው በደብተር ላይ ነጥብ እያደረግን ስንመዘግብ እየተቀያየሩ ሄዱ። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በጥር 1610 ያገኛቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች እነዚህ ናቸው። መጻፍ ከተማሩ ብዙ ያልቆዩ እጆች ይህን መዝገብ መያዛቸው በጣም ደስ አሰኘኝ።

የእኛ ቴሌስኮፕ ወሰን አለው። አዲስ አበባ በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ መስተዋታቸው እያንዳንዱ 1 ሜትር የሚሰፋ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የተተከሉትም እ.ኤ.አ. በ2004 በተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ጥረት ነው። እንደዚያ ያለው መስተዋት ከእኛ የ3 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ከ1,000 ጊዜ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ሥራቸው ግን አንድ ነው፦ ብርሃንን መሰብሰብና ማየት።

6. ማስጠንቀቂያ

በቴሌስኮፕ ፀሐይን ማየት ፈጽሞ ክልክል ነው። ሌንሱ ወረቀትን እንደሚያቃጥል ሁሉ ዓይንንም በቅጽበት ያቃጥላል፤ ያ ዓይን ዳግመኛ ላያይ ይችላል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ እንደታየው ፀሐይ በጨረቃ ተጋርዳ ቀለበት በምትመስልበት ጊዜም ቢሆን ያው ነው። ቴሌስኮፑን ቀን ቀን ቤት አስገቡት፤ ልጆችም ብቻቸውን አይንኩት።

ሽማግሌው አሁንም ከትምህርቱ መካከል እጃቸውን ያነሣሉ። ስለማላውቀው ነገር ሲጠይቁኝ «አላየሁም፤ እንዴት እናየዋለን?» እላቸዋለሁ። ይህን መልስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጥያቄዎች

1. የሌንስን የትኩረት ርቀት በቤታችሁ እንዴት ትለካላችሁ?
2. ትልቁ ሌንስ 100፣ ትንሹ 4 ሳንቲ ሜትር የትኩረት ርቀት ቢኖራቸው ቴሌስኮፑ ስንት ጊዜ ያጎላል?
3. የግንዱ ውስጥ ለምን ይጠቁራል?
4. የጨረቃ ተራራ ሙሉ ጨረቃ ላይ ሳይሆን ግማሽ ጨረቃ ላይ ጎልቶ የሚታየው ለምንድን ነው?
5. ከሰው ሰምታችሁ የምታምኑትን አንድ ነገር ጻፉ። በምን ዘዴ ልትመረምሩት ትችላላችሁ?