ለተፎካካሪህ መፍቻህን አበድረው

ልጄ፣ ከሥራ ባልደረባህ ጋር ገንዘብ አዋጥታችሁ ሆቢ 16 የሚባለውን ባለ ሁለት አካል የሸራ ጀልባ (ካታማራን) አሮጌ መግዛታችሁን ከእናትህ ሰማሁ። የደወለችልኝ እንድከለክልህ ነበር። እኔ ግን በወጣትነቴ በምፅዋ ባሕር ኃይል ያደግሁ፣ በስደትም በሜሪላንድ፣ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳር ሸራ ስስብ ያረጀሁ ሰው ነኝና ለከልካይነት አልሆንም። ስለ ነፋስና ስለ ገመድ የሚያስተምርህ ሰው በክለቡ ሞልቷል። እኔ የምነግርህ ስለ ሌላው ጀልባ ነው፤ በየእሑዱ አጠገብህ ሆኖ ሊቀድምህ ስለሚያደባው ሰው። ጥቂት ጀልባ ባለበት ክለብ ውስጥ ውድድሩ የሚያምረውም የሚበላሸውም በእሱና በአንተ መካከል ነው።

፩. ተፎካካሪህን ራስህ ምረጥ

ዓይንህን ሻምፒዮኑ ላይ አትጣል። እሱ የመጀመሪያውን ቦያ (ተንሳፋፊ ምልክት) ሲዞር አንተ ገና መንገድ ላይ ነህ፤ ምን እንዳደረገ አታይም፣ ካላየህ ደግሞ አትማርም። የሚበጅህ ዘወትር በጥቂት የጀልባ ርዝመት የሚቀድምህ ሰው ነው። ሸራውን መቼ እንደሚያላላ፣ የነፋስ ግፊት ሲመጣ ጓደኛው ከምሰሶው በሚወርደው ሽቦ (ትራፒዝ) ላይ መቼ እንደሚወጣ፣ የት ላይ እንደሚዞር ከኋላው ሆነህ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። ከመረጥከው በኋላ ንገረው። «የዘንድሮ ተፎካካሪዬ አንተ ነህ» ብትለው ያከበርከው መሆኑ ይገባዋል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም ዞር እያለ ያይሃል። ከሰባት ጀልባ አምስተኛና ስድስተኛ ብትወጡም ለእናንተ ያ የዋንጫ ጨዋታ ነው።

፪. ጀልባህን እወቅ፣ ሰበብ አታብዛ

ጀልባህን ያወጣው ሆቢ አልተር የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አረፈ። እንጀራው የሰርፍ ሰሌዳ መሥራት ነበር፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ግን ሆቢ 14ን፣ አስከትሎም 16ን ሠራ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ወደብ ሳያስፈልግ ከአሸዋ ላይ ተገፍቶ ማዕበሉን ሰንጥቆ የሚወጣ ጀልባ። ሁለቱ ጠባብ አካላት ጎበጥ ብለው የተሠሩትና ከሥራቸው ወደ ውኃ የሚወርድ ሳንቃ የሌላቸው ለዚህ ነው። ርዝመቱ 5.05 ሜትር፣ ክብደቱ 145 ኪሎ ገደማ ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ተመርቷል።

ይህን የምነግርህ ሆቢ 16 ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን እንዳትረሳ ነው። በዚህ ጀልባ ውድድር ሁለቱ ተሳፋሪዎች ተደምረው ቢያንስ 129 ኪሎ ገደማ መመዘን አለባቸው፤ የጎደለባቸው ተጨማሪ ክብደት ይጭናሉ። ስለዚህ ቅጥነትም መሸሸጊያ አይሆንም። አዲስ ሸራ ያለው ሰው ትንሽ እንደሚጠቀም አልክድም፤ በአሮጌ ሸራ የሚቀድሙህን ሰዎች ስታይ ግን ያን ወሬ ትተወዋለህ።

ክለቡ የተለያዩ ካታማራኖችን አብሮ ሲያወዳድር ጊዜው በሒሳብ ይስተካከላል። ለእያንዳንዱ የጀልባ ዓይነት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ የወሰደብህ ጊዜ በዚያ ቁጥር ይካፈልና ደረጃህ ይወጣል። በቁጥሩ አትነታረክ። ከማዕበል ይልቅ በዚያ ቁጥር የፈረሰው ወዳጅነት እንደሚበልጥ እኔ ምስክር ነኝ። ማን ማንን እንዳሸነፈ በሐቅ ማወቅ ከፈለግህ እንደ አንተው ሆቢ 16 ያለውን ሰው ፈልግና ከእሱ ጋር ብቻ ተለካካ።

፫. መፍቻህንም ምስጢርህንም አበድረው

ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ ትይዝ እንደሆነ ይህን ያዝ።

የሆቢ 16 ምሰሶ ስምንት ሜትር ያህል ነው። ለብቻህ ለማቆም ብትታገል ወይ ወገብህ ወይ ምሰሶው ይሰበራል። እሑድ ጠዋት ሁሉም የሌላውን ምሰሶ ሲያቆም የምታየው ለዚህ ነው፤ አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ከፊት ሽቦውን ይስባል፣ ሦስተኛው «ቆይ! ቆይ!» ይላል። (ከማንሣትህ በፊት ቀና ብለህ የኤሌክትሪክ መስመር አለመኖሩን እይ። በአሉሚኒየም ምሰሶ ሰው ስለሞተ ነው ፋብሪካው የምሰሶውን ጫፍ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፋይበርግላስ የለወጠው። ይህን ለእናትህ አትንገራት።)

እንግዲህ መነሻው ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የተፎካካሪህ የሽቦ ማሰሪያ ፒን ጠፋ እንበል። በሳጥንህ ውስጥ መለዋወጫ አለህ። አውጥተህ ስጠው፤ መፍቻውንም ጨምርለት። እሱ አሸዋ ላይ ቀርቶ አንተ ብትቀድም ምን አወቅህ? ፒን እንደነበረህ ብቻ ነው ያወቅኸው።

ፒን ማበደር ቀላሉ ነው። የሚከብደው ምስጢር ማካፈል ነው። ነፋስን ተጋፍተው ሲወጡ ምሰሶውን ወደ ኋላ ማጋደል ሆቢ 16ን እንደሚያፈጥነው ዓመት ሙሉ ስትደክም ደርሰህበት ይሆናል፤ ዋናው ሸራ ተስቦ ሲያልቅ የታችኛውና የላይኛው መዘውር ሊነካኩ እስኪደርሱ ድረስ የሚያጋድሉት አሉ። የመሪው ምላስ ትንሽ ወደ ፊት ሲገባ ክንድን የሚያዝለው ጉተታ እንደሚቀንስም ታውቅ ይሆናል። ተፎካካሪህ ሲጠይቅህ «እንዲያው ነፋሱ ቀናኝ» ብለህ አትሸፋፍን። ወደ ጀልባህ ውሰደው፣ አሳየው፣ ይለካው። በሚቀጥለው እሑድ ይቀድምሃል፤ ይቅደምህ። አሁን ከትናንቱ የፈጠነ ሰው ስለምታሳድድ አንተም የግድ ትፈጥናለህ።

በየዓመቱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሸንፍበት ክለብ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። መጀመሪያ መጨረሻ የሚወጣው መምጣት ያቆማል፤ ልጁ ታመመ፣ ሥራ በዛበት ይባላል። ቀጥሎ ከመጨረሻ ሁለተኛው ጀልባውን ለሽያጭ ያወጣል። ሻምፒዮኑ በመጨረሻ ከሁለት ሰው ጋር ይቀርና «ወጣቱ ስፖርት ጠላ» እያለ ያማርራል። ወጣቱ ስፖርት አልጠላም። የሚያሳየው አጥቶ ነው። ተፎካካሪህ በሚቀጥለው እሑድም ተመልሶ እንዲመጣ ማድረግ ያንተም ሥራ ነው፤ የክለቡ ሊቀ መንበር ብቻውን አይችለውም።

፬. ውኃው ላይ አትራራለት፣ ግን አታጭበርብር

የመነሻው የአምስት ደቂቃ ምልክት ከተሰጠ በኋላ ምሕረት የለም። ከነፋሱ በኩል ሆነህ ሸራውን ማድረቅ ትችላለህ፤ መስመሩ ላይ ቦታ ልትከለክለው ትችላለህ። ነፋስ ከቀኝ ጎንህ እየመጣልህ ከሆነ ከግራ የሚመጣለት ሊለቅልህ ግዴታው ነው፤ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ጥራው። ለወዳጅህ ብለህ መንገድ ብትለቅ የናቅኸው ይመስለዋል፤ እውነትም ንቀት ነው።

ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ግን፣ ሳትነካው ብቻ መንገዱን ብትዘጋበትም፣ ማንም ሳይጠይቅህ ሁለት ዙር ዙር። ካታማራን ለመዞር የሚለግም ጀልባ ነው፤ ሆቢ 16 ደግሞ አፍንጫውን ወደ ነፋስ እንዳዞረ መሐል ላይ ይገተራል። ሁለቱ ዙር ሁለትና ሦስት ደረጃ ሊያስከፍልህ ይችላል። ክፈል። ሳይታዘዝ የዞረን ሰው ክለቡ ለዓመታት ያስታውሰዋል፤ በሌላ ቀን «አልነካሁም» ሲልም ይታመናል።

ጥፋቱ የእሱ ሆኖ ሳይዞር ቢሄድስ? እዚህ ላይ እኛ ሐበሾች አንድ ሕመም አለብን፣ ይሉኝታ የሚባል። ውኃው ላይ ዝም እንልና ማታ ለሦስተኛ ሰው ስልክ እንደውላለን። ተው! ወዲያው «ክስ አለኝ» ብለህ ጩህ፣ ቅጹን ሙላ፣ በዳኞቹ ፊት ያየኸውን ተናገር። ውሳኔው ላንተም ሆነ ለእሱ ይሁን፣ ከዚያ ወጥታችሁ አብራችሁ ብሉ። ወዳጅነት የሚሻክረው በተዋጠው ክስ ነው።

፭. ቀልድ

በገና ጨዋታ ጌታም እንደማይቆጣ ታውቃለህ። ባሕር ዳሩም እንደዚያው ነው፤ ተራገሙ፣ ተሰዳደቡ። ሰድበኸው የሚስቀውን ግን ለይ። በጀልባው፣ በአሮጌ ሸራው፣ መነሻ መስመሩን ቀድሞ በማለፉ ቀልድ። በአነጋገሩ፣ በውፍረቱ፣ አብራው በምትሳፈረው ሚስቱ አትቀልድ። ደግሞም ቀልድህ የሚበዛው በተሸነፍህበት ቀን ይሁን።

፮. ሲገለበጥ ቁም

ሆቢ 16 አፍንጫውን ውኃ ውስጥ ቀብሮ በግንባሩ መደፋት ያውቅበታል። በሽቦው ላይ የቆመው ሰው በምሰሶው ዙሪያ ተወንጭፎ ከፊት ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ በሳቅ ያልፋል፤ አንዳንዴ ግን አያልፍም። ቼሳፒክ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ተኩል አይሞላም። ጀልባው ፍጹም ከተገለበጠ ስምንት ሜትሩ ምሰሶ ጭቃው ውስጥ ሊሰካ ይችላል፤ ያኔ ሁለት ቀላል ሰዎች ለብቻቸው አያቀኑትም። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሳይታሰብ ይመጣል። በሐምሌ የሚያቃጥለው ጄሊፊሽም አለ።

ስለዚህ ስታልፍ ጠይቅ። ሁለቱንም ራስ ቁጠር። አውራ ጣት ካሳዩህ ሂድ፤ ካላሳዩህ ሸራህን አላላና ቁም። የመርከብ ውድድር ሕግ የመጀመሪያው አንቀጽ የሚያዝዘው ይህንኑ ነው፦ በአደጋ ላይ ያለን መርዳት። ለረዳው ሰውም የጠፋበትን ደረጃ ዳኞች ሊመልሱለት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ካናዳዊው ሎረንስ ሌሚዩ በፊን ጀልባ ሁለተኛ ሆኖ ሲሮጥ ሁለት የሲንጋፖር ተወዳዳሪዎች ተገልብጠው አየ። ውድድሩን ትቶ ሄዶ አወጣቸው። ዳኞቹ የዚያን ዙር ሁለተኛነቱን መለሱለት፤ የፒየር ደ ኩበርተን ሜዳልያም ተሸለመ። በዚያ ዓመት በፊን ወርቅ ማን እንደወሰደ ብትጠይቀኝ ግን ማሰብ ሊኖርብኝ ነው።

፯. አብሮህ የሚሳፈረውን አትጩህበት

ሲሸነፉ ጓደኛቸው ላይ የሚያምባርቁ አሉ፤ ድምፅ በውኃ ላይ ርቆ እንደሚሰማ አያውቁም። ባልደረባህ የገንዘቡን ግማሽ ከፍሏል፤ መሪውንም በየተራ ያዙ። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ከተፎካካሪህ ጋር ጓደኛ ተለዋወጡ። በሌላው ጀልባ ምን እንደሚባልና ምን እንደማይባል ያን ቀን ትሰማለህ።

አብሮህ እንዲሳፈር ጠይቀኸው «ዕድሜዬ አለፈ» የሚልህን ደግሞ አትስማ። ዴንማርካዊው ፖል ኤልቭስትሮም አራት የኦሎምፒክ ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ኦሎምፒክ በቶርኔዶ ካታማራን ከልጁ ከትሪነ ጋር ቀርቦ አራተኛ ወጣ፤ ዕድሜው 56 ነበር። አርጀንቲናዊው ሳንቲያጎ ላንጌ በካንሰር ምክንያት የሳንባ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ከሴሲሊያ ካራንሳ ጋር በናክራ 17 ካታማራን ወርቅ ወሰደ፤ እሱም 54 ነበር። እኔም ጀልባዬን ገና አልሸጥኩም።

፰. ስትመለስ አትቸኩል

ጀልባህን አጥበህ፣ ሸራህን ጠቅልለህ ወደ መኪናህ አትሩጥ። የሌሎቹን ምሰሶ አውርድ። ተፎካካሪህን «ሁለተኛው ቦያ ላይ በግራ በኩል ለምን ወጣህ?» ብለህ ጠይቀው፤ ያንተንም ንገረው። እኔ ከማውቀው አብዛኛውን የተማርኩት ከውድድር በኋላ ነው፣ እግሬ እርጥብ እንደሆነ ቆሜ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ከዋሽንግተን እስከ አናፖሊስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድርያ ስንት የእኛ ልጅ አለ፣ በባሕረ ሰላጤው ድልድይ ላይ በመኪና ከማለፍ በቀር ያንን ውኃ ነክቶት የማያውቅ? በሚመጣው ሚያዝያ ክለቡ ሲከፈት አንዱን ይዘህልኝ ና። ዋና ይቻል፣ የሕይወት አድን ጃኬት እኔ አለኝ። የሚሸጥ ሁለተኛ ሆቢ 16ም አይቻለሁ፤ ይግዛውና ይፎካከርህ።