ዛፍ ይጮኻል እንዴ?

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ በእንግሊዝኛ ስታነብ የዛፍ ‹ባርክ› (ቅርፊት) የሚል ገጠማትና «ዛፍ እንደ ውሻ ይጮኻል እንዴ?» አለችኝ። ‹ባንክ› እና ‹ስፕሪንግ›ም ያምታቷታል። እንዴት ላስረዳት?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ልጆች አንድን ቃል መጀመሪያ በለመዱት ፍቺ መያዛቸው የተለመደ ነው። ልጅዎ ነገሩ እንዳልገጠመ አስተውላ መጠየቋ ደግሞ ጥሩ ምልክት ነው።

መንታ ፍቺ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። የወንዝ ዳር ‹ባንክ› ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች፣ የገንዘቡ ከጣሊያንኛ መጥተው በድምፅ ገጠሙ። ‹ስፕሪንግ› ግን ሥሩ አንድ ነው፤ መፈናጠር። ውኃው ከመሬት ይፈልቃል፣ በጸደይ ቡቃያው ብቅ ይላል፣ የብረቱ ሞላም ይፈናጠራል።

ከአማርኛ ቢጀምሩላት ይቀላል። ሰውየው ቢላ ሳለ፣ ሥዕል ሳለ፣ ጉንፋን ይዞት ሳለ። የትኛው እንደሆነ በምን አወቀች? በጎረቤት ቃላት! ያንኑ ዘዴ ወደ እንግሊዝኛው ያሻግሩት። የቃላት ዝርዝር ማስሸምደድ እምብዛም አይጠቅምም፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያንብቡላትና ሁለቱን ፍቺ በሥዕል ታሳይዎት።

ሳቅም ያስተምራል። አሜሪካዊቷ ፔጊ ፓሪሽ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመችው ‹አሚሊያ ቤዴሊያ› የቤት ሠራተኛዋ ዶሮውን ‹ድሬስ› አድርጊ ስትባል፣ ለምግብ በማሰናዳት ፈንታ ልብስ ታለብሰዋለች።

በአማርኛም ቀላል ቀልድ ወይም ትእዛዝ መረዳት ከከበዳት መምህሯን ያነጋግሩ፤ የጆሮ ምርመራና የንግግርና ቋንቋ ባለሙያ ምክርም ያስፈልጋል። ሁለት ቋንቋ መማር በራሱ የቋንቋ እክል ስለማያመጣ አማርኛውን አያቋርጡባት።