ከባድ የወንጀል ፊልም፦ የትኛውን እንይ? ምንስ እንፈልግበት?

በከተማችን ጌጫ ዝናቡ ሲጠና ከቤት አይወጣም። ያኔ ተማሪው ፊልም በፍላሽ አስጭኖ ይገባል፣ መብራት ካልሄደበትም እስከ እኩለ ሌሊት ያያል። «ቲቸር፣ ልብ የሚሰቅል የወንጀል ፊልም ይጠቁሙን» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ስም ደርድሬ ብቻ ግን አልመልሰውም። ይህ ማብራሪያ የምመርጣቸውን ከነምክንያታቸው ያቀርባል።

ሦስት ዓይነት ጥያቄ

የወንጀል ታሪክ ከሦስት ጥያቄዎች በአንዱ ይነሳል። የመጀመሪያው «ማን ገደለው?» ነው። ይልማ ሀብተየስ በአማርኛ የጻፋቸው የወንጀል ምርመራ ልቦለዶችም ሆኑ ከውጭ የተተረጎሙት እንቆቅልሹን አሳድደው በመፍታት ያስደስታሉ። ሁለተኛው «እዚህ እንዴት ደረሰ?» የሚለው ነው። ገዳዩን ከመጀመሪያው እናውቀዋለን፤ የምንከታተለው ሰው ደረጃ በደረጃ ሲወርድ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰው «ማክቤዝ» ይህንኑ ይሠራል።

ሦስተኛው «ከዚያ በኋላስ?» ይላል። ደም ከፈሰሰ በኋላ ፖሊሱ፣ ዳኛው፣ ሽማግሌው፣ ጎረቤቱ ምን አደረጉ? ማን ተደመጠ? ማን ዝም እንዲል ተደረገ? ለእኔ ከሁሉም የሚከብደውና የሚያስተምረው ይህ ነው። በየቪዲዮ ቤቱ የሚታየው ትርጉም ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጥያቄ ይዘለዋል። አክተሩ ወንድሙ ይገደልበታል፣ መሣሪያ ያነሳል፣ ሁሉንም ይጨርሳል፣ ፊልሙም ያልቃል። የሟቾቹ እናቶች አይታዩም፤ ፍርድ ቤት የሚባል ነገር በዚያ አገር ያለ አይመስልም።

የመጀመሪያ ምርጫዬ፦ «ድፍረት»

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፣ ተደፈረች። ልታመልጥ ስትሞክር የጠላፊውን ጠመንጃ አንስታ ገደለችው። በፊልሙ ስሟ ሂሩት ነው፤ ትዝታ ሀገሬ ተጫውታታለች። ጥብቅናዋን የያዘችላትን መዓዛ አሸናፊን ደግሞ ሜሮን ጌትነት ሆናታለች። መዓዛ ከኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራቾች አንዷ ናት፤ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበረች።

ግድያው የሚፈጸመው በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ነው። እንግዲህ ቀሪው ጊዜ ምን ያሳያል? ፖሊስ ጣቢያው የልጅቷን ዕድሜ አይቀበልም። ዐቃቤ ሕጉ የሚያየው ሟቹን ብቻ ነው። የሟች ቤተሰብ ደሟን ይፈልጋል። ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለ እርሷ ይመክራሉ፤ እርሷ ግን በመካከላቸው የለችም። ፊልሙ ሽማግሌዎቹን ጨካኝ አድርጎ አልሳላቸውም። የሚናገሩት በእርጋታና በወግ ነው፣ አንዱ ሌላውን እስኪጨርስ ይሰማል። እኛም ሽምግልና የሚከበርበት አገር ልጆች ስለሆንን ያንን ወግ ስናይ እንኮራለን። በዚያው ቅጽበት ልጅቷ እንደሌለች ትዝ ይለናል፤ ሁለቱን ስሜቶች አንድ ላይ መሸከም ግድ ይሆናል። ከመቶ ጥይት የሚበልጥ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ያኔ ምን ይል ነበር?

ፊልሙን በደንብ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ይለው ነበር፤ ይሁን እንጂ ጠላፊው የጠለፋትን በሕግ ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። ጠላፊዎች ሽማግሌ ይልኩ የነበረው ለዚህም ጭምር ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊውን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድነውም ብሎ በሩን ዘግቶታል። በአርሲዋ ልጅ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ ራሷን መከላከሏን ተቀብሎ በነፃ አሰናብቷታል። የሕግ ለውጡ ሴቶች ለዓመታት ያደረጉት ትግል ውጤት ነው፤ ይህ ክስ ደግሞ ጉዳዩ በየቤቱ እንዲነሳ ካደረጉት አንዱ ነበር።

አንድ ከባድ ጉዳይ ግን አለ። ፊልሙ አዲስ አበባ ሊመረቅ ታዳሚው ተሰብስቦ ሳለ የፍርድ ቤት እግድ መጥቶ ዝግጅቱ ተቋረጠ። ታሪኩ የእርሷ የሆነው ሴት ያለ ፈቃዴ ተሠራ ብላ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ አልደብቅም። በሕይወቷ የከፋውን ቀን ያሳለፈች ሴት፣ ያ ቀን በስክሪን ሲታይ ማን ይጠይቃታል? ስለ እውነተኛ ወንጀል የተሠራ ፊልም ባያችሁ ቁጥር ይህን ጠይቁ። እኔ ፊልሙን ዛሬም እመርጠዋለሁ፤ የእርሷም አቤቱታ የታሪኩ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ክፉ ሰው ሲወደድ

የቴሌቪዥን ድራማውን «ሰው ለሰው»ን ወላጆቻችሁ ያስታውሱታል። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ በወቅቱ አገር ምድሩ የሚያወራለት ሰው ነበር። ድምፁ ዝግ ያለ፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ንግግሩ የተመጠነ፤ ውስጡ ግን ጭካኔ። ይህንን ድራማ የማነሳው ወንጀል ሁልጊዜ ጠባሳ ፊት ይዞ እንደማይመጣ በግልጽ ስላሳየን ነው። ስታዩት አንድ ነገር ተከታተሉ፦ አስናቀን መውደድ የጀመራችሁት የት ላይ ነው? አንዳንድ ትዕይንት ላይ እንዳይያዝ ስትመኙ ራሳችሁን ታገኙታላችሁ። ጥሩ ደራሲና ጥሩ ተዋናይ ሲገናኙ ተመልካቹን እስከዚያ ድረስ ይወስዱታል።

የገጠር ፖሊስ፣ ዝናብና ያልተገኘ ገዳይ

ከውጭ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የደቡብ ኮሪያዊውን የቦንግ ጁን ሆ «የግድያ ትዝታዎች» (እ.ኤ.አ. 2003) እመርጣለሁ። ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ብዙ ነገር አለው፤ እርሻ፣ ጭቃ፣ የማያባራ ዝናብ፣ ሁሉም የሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ። እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1991 ህዋሶንግ በተባለ አካባቢ በሴቶች ላይ በተፈጸመ ተከታታይ ግድያ ላይ የተመሠረተ ነው። የአካባቢው መርማሪ «ዓይኑን አይቼ ወንጀለኛውን እለያለሁ» ባይ ነው። ከዋና ከተማው የመጣው ደግሞ «ሰነድ አይዋሽም» ይላል። ፊልሙ ሁለቱንም ያዋርዳቸዋል። ተጠርጣሪ ይደበደባል፣ ያላደረገውን ያምናል፣ እውነተኛው ገዳይ ግን እንደተሰወረ ይቀራል።

ፊልሙ ከወጣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በዘረመል ምርመራ እውነተኛው ገዳይ ታወቀ፤ በሌላ ግድያ ቀድሞውኑ እስር ቤት ነበር። ከግድያዎቹ በአንዱ ተፈርዶበት 20 ዓመት ገደማ የታሰረ ሌላ ሰውም ንጹሕ መሆኑ ተረጋገጠ። ዱላ ያወጣው ቃል ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚነግረኝ አላውቅም።

ትዕግሥት ያለው ደግሞ የቱርኩን ኑሪ ቢልጌ ጄይላን «አንድ ጊዜ በአናቶሊያ» (እ.ኤ.አ. 2011) ይጨምር። ፖሊሶች፣ ዐቃቤ ሕግና ሐኪም ተጠርጣሪውን ይዘው አስከሬን የተቀበረበትን ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ይፈልጋሉ። ቀርፋፋ ነው፤ በቃና ቴሌቪዥን የለመድነውን ዓይነት የቱርክ ድራማ የጠበቀ ያዝናል። ቀርፋፋነቱ ግን ለድካሙ ታማኝ ስለሆነ ነው፤ የወንጀል ምርመራ አብዛኛው ጊዜ መኪና ውስጥ መቀመጥና መጠበቅ ነው።

መብራት ለሌለበት ምሽት

መብራት ከጠፋ ደግሞ ልቦለድ ይነበብ። ደራሲው በዓሉ ግርማ የተወለደው በድሮው ኢሉባቦር፣ ሱጴ ነው፤ የእኛም አካባቢ ሞቻ አውራጃ ተብሎ በዚያው ክፍለ ሀገር ሥር ነበር። ልቦለዱ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መጽሐፉ የኤርትራን ጦርነት፣ ስለላና ፍቅር ይዞ እንደ ፊልም የሚሮጥ ነው። ስታነቡት የደራሲውን ዕጣ አትርሱ፤ ያልተፈታው ወንጀል ከመጽሐፉ ውጭ ነው ያለው።

ለማን፣ እንዴት?

«ድፍረት»ን ከ9ኛ ክፍል በታች ላሉ አላሳይም፤ «የግድያ ትዝታዎች» ደግሞ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። የጠለፋ ወይም የጥቃት ጉዳት በቤቷ የደረሰባት ልጅ እንድትቀመጥ አትገደድ፤ መጀመሪያ ምን እንደሚታይ ይነገራት፣ ስትወጣም ማንም አይጠይቃት። ወንዶችና ሴቶች አብረው ይዩ። ወንዶቹ ብቻቸውን ሲያዩ የጠለፋው ትዕይንት ላይ የሚሰማው ሳቅ፣ እህቶቻቸው አጠገባቸው ሲቀመጡ አይሰማም።

ቪዲዮ ቤት ያላችሁ ወንድሞችም ልለምናችሁ። ፊልሙ እንዳለቀ ቀጣዩን ወዲያው አትክፈቱ። ሩብ ሰዓት ብቻ ስጡን። አንዱ ይነሳና ዳኛው አንተ ብትሆን ምን ትፈርድ ነበር ብሎ ይጠይቅ፤ ሌላው የልጅቷን አባት ሆኖ ይመልስ።